ሮማን የቆጠረቻቸው የሜዳ አህዮች

በሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እኛ ሰፈር፣ አረንጓዴ የደንብ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ያየ ሰው «ስካውቷ መጣች» ይላል። ሮማን ደረሰ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሲበዛም ሦስት ጊዜ እናቷን ለመጠየቅ ትመጣለች። መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ልብሷን ማጠብ ነው። ውኃው ሦስት ጊዜ እስኪለወጥ ድረስ የሜዳው አቧራ ከሱሪዋ አይወጣም።

ሮማን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሀዋሳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ በተዘረጋ ብሔራዊ ፓርክ ስካውት፣ ማለትም የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ ሆና መሥራት ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት አልፏታል። የፓርኩን ስም እንዳልጽፍ ነግራኛለች። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ የቦታው አይደለም» ነው ያለችኝ። ቃሏን አክብሬ ስሙን ትቼዋለሁ። ታሪኩን ግን መተው አልቻልኩም። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል በሰው ፊት የተናገረውን ግን በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥረዋለሁ፣ ጣትም ይተርፈኛል።

እናቷ ወይዘሮ አለምነሽ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲሸጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አባቷ ደረሰ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ጀልባዋ ዳር ደርሳ መረቡ ሲራገፍ፣ ቆሮሶና አምባዛው መሬት ላይ ሲንፈራገጥ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም አሞሮች እንደ ዕድር ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው ከበው ይቆማሉ። ሲታዩ የተከበሩ ናቸው፤ ዓይን ዞር ሲል ግን ይሞጨልፋሉ። ሮማን በሰባት ዓመቷ ያንን ክምር አምስት አምስት እያደረገች በዓይኗ ትቆጥር ነበር።

«ስንት ነው?» ይሏታል እናቷ።

«ሠላሳ ስምንት።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አሁን ሠላሳ ሰባት ሆነ። ያ ረጅሙ ወሰደው» ትላለች፣ በጣቷ ወንጀለኛውን እያሳየች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳታመጣ ስትቀር፣ ፓርኩ ስካውት እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አየች። ለእናቷ የነገረችበትን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ወይዘሮ አለምነሽ በለሆሳስ መናገር አልፈጠረባቸውም።

«ጠመንጃ ተሸክመሽ ከአውሬ ጋር ልታድሪ?»

«እማ፣ እዚያ በብዛት ያለው እኮ የሜዳ አህያ ነው።»

«አህያ ለመጠበቅ ነው እንዴ ጫካ የምትገቢው? ሀዋሳ ምን ጎደለበት! ውጪና በየመንገዱ ጠብቂያ!»

ያም ሆኖ ሄደች። ስትሄድ ጋቢ ያስያዟት፣ ሰሊጥ በማር ለውሰው በጣሳ የሞሉላት እኒያው እናት ናቸው።

ስለ ፓርኩ ስታወራ ሮማን ሌላ ሰው ትሆናለች። በሰፈር ወሬ አትሳተፍም፤ ስለ ሜዳው ከተነሳ ግን ማን ያስቆማታል! ከገደሉ ሥር፣ ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ ያበቀለው ደን አለ ትላለች። የሾላውን ግንድ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይከበውም። ጉሬዛዎቹ ጥቁርና ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ፣ ከሥር ለቆመ ሰው ካህናት ከአውደ ምሕረት ወደ አውደ ምሕረት የሚሻገሩ ይመስላሉ። ከደኑ ወጥቶ ድንጋያማውን ሸንተረር የተሻገረ ሰው በድንገት ከሜዳው ይደርሳል። በበጋ ሣሩ ደርቆ ከመንጣቱ የተነሳ፣ ንፋስ ሲመጣ መሬቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ከሜዳው ማዶ ሐይቁ አለ። አዞዎቹ አሸዋው ላይ አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ፤ ጉማሬዎቹ ከውኃው ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው ሰውን ይታዘባሉ። እንሹ የሚባሉት ትንንሽ ሚዳቋዎች ከቁጥቋጦ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ። «አንዷን ካዩ ሁለተኛውን ይፈልጉ፣ አይጠፋም» ትላለች።

ከሁሉም በላይ ግን የሜዳ አህዮቹ ናቸው። የአንዱ መስመር ከሌላው መስመር ጋር አይገጥምም። ሰው በጣት አሻራው እንደሚለይ እነሱም በቆዳቸው ይለያሉ። ሮማን ብዙዎቹን በመልክ ታውቃቸዋለች፤ ስም ግን አታወጣላቸውም። «ስም ካወጣሁላቸው የእኔ ይመስሉኛል፤ የእኔ አይደሉም» ብላኛለች አንድ ቀን። ይህን አባባል ብዙ ቀን አብሰልስየዋለሁ። ሰው የሚወደውን ሁሉ የራሱ ካላደረገ አይተኛም። እሷ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ያልሆነን ነገር ለሰው ሁሉ ስትጠብቅ ኖራለች።

ወደ ነገሬ ልግባ። በፓርኩ በየሁለት ዓመቱ የእንስሳት ቆጠራ ይደረጋል። ሥራው እንዲህ ነው። ስካውቶቹ እየተያዩ በሰልፍ ይዘረጋሉ። ሰልፉ ሜዳውን እያካለለ ሲሄድ፣ እያንዳንዱ ሰው በእሱና በቀኙ ባለው ባልደረባው መካከል የሚያልፈውን ብቻ ይቆጥራል። በግራው የሚያልፈው የሌላ ሰው ነው፤ ቢያየውም አፉን ይዘጋል። ጠዋት አንዱ የሜዳው ክፍል ይቆጠራል፤ ከሰዓት ጥላው ሲረዝም ሌላው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሁሉም ያርፋል፣ ከአንድ ሰው በቀር። ያ አንድ ሰው ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጠዋት የተቆጠረው መንጋ ወደ ከሰዓቱ ክፍል ከተሻገረ ያ ሰው ማየት አለበት፤ አለዚያ አንዱ እንስሳ ሁለት ይሆናል።

ባለፈው ቆጠራ ሸንተረሩ ላይ የቆመችው ሮማን ነበረች።

እኩለ ቀን ላይ ከደኑ ጫፍ ጥንብ አንሳዎች ሲዞሩ አየች። ጥንብ አንሳ ሲዞር ለስካውት ትርጉም አለው፤ ወጥመድ ሊሆን ይችላል፤ በወጥመዱ ውስጥ ደግሞ ነፍሱ ያልወጣ እንስሳ ሊኖር ይችላል። ሬዲዮዋ ባትሪ ጨርሷል። ወረደች። የሞተው ያረጀ ከርከሮ ነበር፤ ወጥመድ የለም። ተመልሳ ስትወጣ አርባ ደቂቃ ገደማ አልፏል። ሜዳውን ቃኘች፤ ሁሉም ነገር እንደነበረ መሰላት።

ጠዋት ስድሳ ሦስት የሜዳ አህያ ቆጥራ ነበር። ከሰዓት፣ ከሸንተረሩ ማዶ፣ ስድሳ አንድ ቆጠረች። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ትጠረጥር ነበር። ደግሞ ፀሐይዋ ከፊቷ ነበረች፣ አቧራም ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደስ ብሏታል። ደስታ ዓይን ላይ የሚጥለው ግርዶሽ አለ፤ ኀዘን እንኳ እንደዚያ አይጋርድም።

ድምሩ ሦስት መቶ አርባ አንድ ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት መቶ ስድሳ አምስት ነበር። ሰባ ስድስት ጨመረ! የቆጠራው ኃላፊ አቶ ኪሩቤል፣ ቁጥብና ቅን ባለሙያ ነው፣ ወረቀቱን ይዞ ሲስቅ ታየ ይላሉ። ሀዋሳ ላይ ስብሰባ ተጠራ፣ ሪፖርቱም ታተመ። አቶ ኪሩቤል ሮማንን ለብቻ ጠርቶ፣ «ከሚቀጥለው ጀምሮ የቆጠራ ቡድኑን የምትመሪው አንቺ ነሽ፤ በስብሰባው ላይ አስታውቃለሁ» አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቡድኑን የመራው ሁልጊዜ ባለዲግሪ ነበር። ስካውት መርቶ አያውቅም፤ ሴት ስካውትማ አይነሳም።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ሮማን እናቷ ግቢ ውስጥ ነበረች። የደንብ ልብሷ ተተኩሷል፤ ጫማዋ መስታወት መስሏል። ወይዘሮ አለምነሽ ወደ ገበያ ከመውረዳቸው በፊት «እስኪ እነዚያን አህዮችሽን አሳዪኝ» አሏት። የልጃቸውን ስልክ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው በቆጠራው ቀን ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ያገላብጡ ጀመር። እኔም ለስብሰባው የተጋበዝኩ ስለነበር፣ አብረን እንሂድ ብዬ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

«ይህቺን ጅብ ነው የነከሳት?» አሉ፣ ጭራዋ ከመሃል የተቆረጠ አንዲት እንስት እያሳዩ።

«ይመስለኛል፣ እማ።»

እንደገና አገላበጡ። አገላበጡ። ቆም አሉ።

«እንዴ! ይህቺ ደግሞ ጭራዋ ቆራጣ ነው። ጅቡ ጭራ ብቻ ነው እንዴ የሚበላው?»

ሮማን እየሳቀች ስልኩን ተቀበለቻቸው። ሳቋ ሳያልቅ ተቆረጠ። ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው። የእንስቷ ቀኝ ታፋ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች ተጋጥመው ባላ ሠርተዋል። ወደ ፊተኛው ተመለሰች፤ ያው ባላ። የፊተኛው የተነሳው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የኋለኛው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ሌሎቹን መመልከት ጀመረች። ጆሮው የተሰነጠቀው ድንጉላ፣ ሁለቱም ላይ አለ። አንገቷ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ሁለቱም ላይ አለች። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ።

«ሁለቴ ቆጥሬያቸዋለሁ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እናትየው ነገሩ ሲገባቸው ስልኩን ከእጇ ወሰዱትና ጭናቸው ላይ ገለበጡት።

«ማን አየ?»

«እማ!»

«አይ፣ ልጠይቅሽ። ከእኔ ከአሮጊቷና ከእኚህ ጋሼ ሌላ ማን አየ? አሥራ ሰባት ዓመት ፀሐይ የበላሽ ዛሬ ልትሾሚ ነው። ነገ ብትነግሪያቸው ምን አለበት? ከነገ ወዲያስ?»

«ነገማ ሪፖርቱ አዲስ አበባ ይደርሳል።»

«ይድረሳ! አህያዎቹ ሄደው አይመሰክሩ!»

ሮማን ስልኩን ከእናቷ ጭን አነሳች። ጫማዋን አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች። ወደ እኔ ትዞራለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ምን እንደምመልስላት አላውቅም ነበር። አልዞረችም። ባጃጅ ጠርተን ወጣን። መንገዱን ሙሉ ከፊታችን ያለውን መስታወት ስታይ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት፣ «ስቀንስ ነበር» አለችኝ። «ሦስት መቶ አርባ አንድ ሲቀነስ ስድሳ አንድ። ደጋግሜ ስቀንሰው ሌላ ቁጥር ይወጣ ይሆናል ብዬ።»

ሁለት መቶ ሰማንያ። ሌላ ቁጥር አልወጣም።

አዳራሹ ሐይቁ ዳር ነው። ባነር ተሰቅሏል፤ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ ተመራማሪዎች፣ የመንግሥት ሰዎች፣ ከፓርኩ የመጡ ስድስት ስካውቶች። ሮማን አቶ ኪሩቤልን ለብቻው ልታገኘው ሞክራ ነበር፤ በእንግዳ ተከቦ «ቆይ፣ ከሻይ በኋላ» አላት። ከሻይ በፊት ግን መድረኩ ላይ ወጣ። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ትልቁን ቁጥር አበራው። ጭብጨባው ሲጀምር ሮማን ቆመች።

ጭብጨባው ለእሷ የመሰላቸው ነበሩ፤ እሷም ለምስጋና የቆመች መሰላቸው። አቶ ኪሩቤል ፈገግ ብሎ «እነሆ፣ እሷም እዚህ አለች፤ ከሚቀጥለው ቆጠራ ጀምሮ...» ሲል፣

«ቁጥሩ ትክክል አይደለም» አለች።

ድምጿ አልጮኸም። ኋላ ወንበር ላይ የነበሩት «ምን አለች?» ተባባሉ።

«ጠዋት የቆጠርኩትን መንጋ ከሰዓት መልሼ ቆጥሬዋለሁ። ስድሳ አንዱ ይነሳ። ትክክለኛው ሁለት መቶ ሰማንያ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ አቶ ኪሩቤል። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ነበር፤ የሚያወርድበት ቦታ ያጣ ይመስል።

ስልኳን ይዛ ወጣች። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ በሩ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሸበቶ ተመራማሪ ተነስተው፣ ቀርበው፣ በብዕራቸው ጫፍ ባላውን ተከትለው ጠቆሙት። «ያቺው ናት» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ማንም አላጨበጨበም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው አያጨበጭብም፤ አንገቱን ደፍቶ የገዛ ራሱን መዝገብ ያገላብጣል። እኔም የራሴን ሳገላብጥ ነበር፤ ያየሁትን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ከአዳራሹ ውጪ፣ በረንዳው ላይ፣ አቶ ኪሩቤል ደረሰባት። ተናዷል።

«ሁለት መቶ ኮፒ ታትሟል፣ ሮማን! አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው፣ አቶ ኪሩቤል። እናቴ ናት ያሳየችኝ።»

«እናትሽ? ዓሣ ነጋዴዋ?»

«አዎ።»

ሊስቅ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፣ አልቻለም። አብሯት የቆመው ስካውት ሳምሶን ያኔ ጣልቃ ገባ። «አቶ ኪሩቤል፣ እሷ ከሸንተረሩ የወረደችው እኮ ጥንብ አንሳ አይታ ነው። ወጥመድ መስሏት ነው። ይህን ለምን አትናገሪም አንቺ?»

«ቁጥሩን ይቀይረዋል?» አለችው።

«አይቀይረውም።»

«እንግዲያ ተወው።»

የቡድን መሪነቱ ለፊልሞን ተሰጠ። ፊልሞን ባለዲግሪ ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ። በሹመቱ መቅረት የተቆጣ ሰው ቢኖር ወይዘሮ አለምነሽ ብቻ ናቸው፤ ሁለት ቀን ልጃቸውን አላናገሩም። በሦስተኛው ቀን አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ስገዛ፣ ለአንዲት ደንበኛቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ልጄ እኮ ሙሉ አዳራሽ ፊት ቆማ፣ ተሳስቻለሁ አለች። ባለክራባቱ ሁሉ አፉን ያዘ!»

«ሹመቱስ፣ እማማ?»

«ሹመቱንማ ሌላ ወሰደው» አሉ፣ ቆሮሶውን በቢላቸው እየገፈፉ። «ሹመት ይሻራል። አንቺስ ባልሽ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቻለሁ ብሎሽ ያውቃል?»

ሴትየዋ ሳቀች። ወይዘሮ አለምነሽ አልሳቁም፤ ኩራት ፊታቸውን አጥብቆት ነበር።

ሪፖርቱ ታረመ፣ ነገር ግን እንግዶቹ ጥርጣሬ ስለገባቸው የሜዳው ቆጠራ እንዲደገም ተወሰነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ስካውቶቹ ተሰበሰቡ። ፊልሞን ቦታ ሲያድል ሮማንን ወደ ሐይቁ ዳር፣ ከሁሉ ቀላል ወደሆነው ክፍል ሊመድባት ነበር።

«ሸንተረሩን ስጠኝ» አለችው።

«አይከብድሽም?»

«ሸንተረሩ ምን አደረገኝ?»

ሳምሶን እንደነገረኝ፣ በዚያ ቀን ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ሁሉም ከግራር ሥር ሲያርፍ፣ ሮማን ድንጋዩ ላይ ቆማ አልተቀመጠችም። ጥንብ አንሳ ደግሞ አልጠፋም፤ ከደኑ በላይ አራት ዞሩ። በዚህ ጊዜ ሬዲዮዋ ይሠራ ነበርና ሌላ ስካውት ላከች፤ እሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ስምንት ሰዓት ላይ መንጋው ጠዋት ከዋለበት ተነስቶ፣ በነጩ ሣር መሃል አንድ በአንድ ተሰልፎ፣ ሸንተረሩን ማቋረጥ ጀመረ። ባለፈውም በዚሁ ነበር የተሻገረው። ጭራ ቆራጣዋ ከፊት ነበረች። ከኋላዋ እግሩ ገና የሚብረከረክ ውርንጫ ይከተላታል፤ መስመሮቹ ቡናማ ናቸው፣ ገና አልጠቆሩም። ሮማን በሬዲዮ «እነዚህ የጠዋቶቹ ናቸው፣ ማንም እንዳይቆጥር!» አለች። ከሰዓት በኋላ ቀሪው ሜዳ ታሰሰ። ሁሉም የያዘውን ቁጥር አመጣ፣ ፊልሞን ደመረ።

ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ። በሁለት ዓመት ውስጥ በእውነት የጨመሩት አሥራ ስድስት ናቸው፤ እነዚያን አሥራ ስድስቱን ግን ማንም ከማንም አይወስዳቸውም።

ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ስለሆነ፣ ፊልሞን ወጥቶ ሀዋሳ ላለው አቶ ኪሩቤል ደወለ። ቁጥሩን ከነገረው በኋላ ስልኩን ለሮማን አቀበላት፤ «አንቺን ይላል።»

«ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ» አለ አቶ ኪሩቤል በስልኩ ውስጥ። «አንቺ ሸንተረሩ ላይ ነበርሽ አሉ። እንግዲህ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም።»

ሮማን ከሥሯ ሜዳውን አየች። መንጋው ወደ ውኃው እየወረደ ነበር።

«ይጠይቁኝ እንጂ» አለችው። «መጠየቅ ሥራዎ ነው።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያም ጉሮሮ መጥረግ።

«እሺ። ሮማን ደረሰ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ» አለች። «ይጻፉት።»